ስድስት ሴንቲሜትር

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ወገቤ ለሁለት ተቆርጦ ቤት ገባሁ። ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ምርምር" እላለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሼ በመስኮት አሻግሬ ሳስብ የምውል ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ አላርማቸውም።

እውነቱ ይኸውና። እታለም ደብተሩን ድንገት ካገኘችው ትማርበት። (እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ሆና ይህን ቤት በስልክ ታስተዳድራለች።) አይጥ በሰመመን ትተኛለች። ሆዷ ይከፈትና ጣት የምታህል የአንጀት ክፋይ ሳትቆረጥ ሁለት ጫፏ ይታሰራል። በአንዱ ጫፍ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ከላይ ከተንጠለጠለ የውሃ ጠርሙስ ጋር ይገናኛል። ጠርሙሱ ከፍ ሲል አንጀቷ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ከፍታው በማስመሪያ ይነበባል። ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ አንጀቷ ስንት ውሃ እንደጠጣ በየአሥር ደቂቃው እመዘግባለሁ።

ግፊቱ ትንሽ ሲሆን አንጀት ደስ ብሎት ይጠጣል። ሲጨምርበት መጠጣቱን ያቆማል። ሲብስበት ደግሞ ጭራሽ ከራሱ ውሃ ያመነጫል። የተዘጋ አንጀት ከሆነ ያመነጨው መውጫ ስለሌለው ግፊቱን ይጨምርበታል፤ ግፊቱ ሲጨምር እንደገና ያመነጫል። በመጨረሻ ግድግዳው ይላላና ማሳለፍ የሌለበትን ያሳልፋል። ጠርሙሱ ውስጥ የጨመርነው ሰማያዊ ቀለም ደሟ ውስጥ ሲገኝ "አለቀላት" ብለን እንጽፋለን፤ በጨዋ ቋንቋ።

ሰባት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የቆየሁት ለዚህ ነው።

አባዬ ወገቤን ይዤ ስገባ አየኝና "አንቺ አላረጀሽም፤ ጠረጴዛው ነው ዝቅ ያለው" አለኝ። አርባ ዓመት ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። በዓለም ላይ ያለው ችግር ሁሉ የከፍታ ጉዳይ ይመስለዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

አባዬ ሁለት እንጨት ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሰጠኝ። ቁመታቸው ልክ ስድስት ሴንቲሜትር። አይጧ የምትተኛበትን የማሞቂያ ሳህን ከሥር ደገፍኩበት። ወገቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

ጓንቱ አየና "የቤት ዕቃ እያጓጓዝሽ ነው እንዴ?" አለኝ። ጓንቱ የምለው የሥራ ባልደረባዬን ነው። ጓንቱን ለሻይ እንኳ አያወልቅም፤ ምናልባት ከእሱ ጋር ነው የተወለደው።

አባዬ እራቱን ግማሽ ትቶ ተነሳ። ሆዴን ነፋኝ አለ። ጎመኑ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

የሚገርም ነገር። ጠርሙሱ አሥር ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ አንጀቱ ይጠጣል። እስካሁን አሥር ላይ ሲደርስ ነበር የሚያቆመው። አሥራ ሁለት፣ ይጠጣል። አሥራ አራት፣ አሁንም። አሥራ ስድስት ላይ ነው ያቆመው።

የላብራቶሪው አለቃ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ቁጥሩን አይቶ "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። ያው ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

አምስት አይጥ። አምስቱም አሥራ ስድስት ላይ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ይዞ በኮሪደሩ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። "አንጀት ከምናስበው በላይ ይችላል!" አለ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አገኘ ማለት ነው። በሚያዝያ በሚደረገው የተመራማሪዎች ጉባኤ ላይ በዚህ ርዕስ ሊናገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" ብሎ ጠራኝ፤ እስከዛሬ "እሷ" ነበርኩ።

"ያለፈው ዓመት መረጃ አሥር ይላል እኮ" አልኩት።

"ከአንቺ በፊት የነበሩት ሰውዬ ዝርክርክ ነበሩ።"

ምስኪን ሰውዬ። ሠላሳ ዓመት ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ እቤታቸው በሰላም ተቀምጠው ዝርክርክ ሆኑ። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት ቁጥሮችም አሥር ነበር የሚሉት። እነሱ "መለማመጃ" ተብለው ተጣሉ። አልተከራከርኩም። ልጄ ተብዬ የለ?

አባዬ ዛሬም ሆዱን ይዞ ነበር። እያጣደፈው ይመጣና ይለቀዋል። "መስመሩ የሆነ ቦታ ጠቧል" አለኝ። የመታጠቢያ ቤቱን መስሎኝ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ፤ ደህና ይወርዳል። የራሱን ነው ለካ የሚያወራው! ሳቄ መጣ። ሆዱንም በመፍቻ ሊፈታው ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 24

እታለም ደወለች። "አባዬን ሐኪም ጋ ውሰጂው" አለች። "እሺ" አልኩ። "እሺ እያልሽ አይደለም የምትወስጂው" አለች። "እሺ" አልኩ።

ከጉባኤው በፊት ሃያ አይጥ ይቀረኛል። እንደሷ ስልክ ይዤ ሶፋ ላይ ብቀመጥ እኔም ብዙ ሰው ሐኪም ጋ በላክሁ።

ደግሞ አባዬ ጠንካራ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቱን ሲያወጡት በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ታንከር ሲያስተካክል የተገኘ ሰው ነው። ጠባሳው እስካሁን ሆዱ ላይ እንደ ዚፕ ይታያል።

ዓርብ፣ መጋቢት 29

ለጉባኤው የሚሆን ሥዕል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየሠራሁ ነበር። ጠርሙሱን፣ ቱቦውን፣ ማስመሪያውን፣ አይጧን። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ከኋላዬ ቆመ። ንግግራችንን እንዳለ ልጻፈው፤ ለምን እንዳናደደኝ ነገ ሳነበው ይገባኝ ይሆናል።

"ይሄ ሜትር ከየት ነው የሚጀምረው?"

"ከጠረጴዛው።"

"ጠርሙሱ አሥር ላይ ነው ስትዪ ከጠረጴዛው አሥር?"

"አዎ አባዬ።"

"አይጧስ የት ነው ያለችው?"

"እንጨቶችህ ላይ።"

"እንጨቶቹ ከመምጣታቸው በፊትስ?"

"ጠረጴዛው ላይ ነበረቻ!"

በጣቱ ሥዕሉ ላይ ከጠርሙሱ እስከ አይጧ ለካና "ታንከር ሲሰቀል ቁመቱ የሚለካው ከመሬት አይደለም የኔ እናት፤ ውሃው ከሚወጣበት አፍ ነው" አለኝ።

"ይሄ ቧንቧ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው" አልኩት። ደግሞ ደህና አድርጌ ነው ያልኩት፤ ድምፄ ውስጥ ሰባቱም ዓመት ነበሩበት። "እሱማ አዎ" አለና ሆዱን ደገፍ አድርጎ ወደ ክፍሉ ገባ። እራት አልበላም።

ሥዕሉን ጨረስኩ። ያምራል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3

ማስመሪያውን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። ከተቀመጥኩበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው፤ ግን ሥራ በዝቷል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5

ጓንቱ ዛሬ በመቁረጫ መሣሪያዎቹ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ሳያዞር "አንጀትሽ ጠነከረ የተባለው እንጨቶቹ ከመጡ ወዲህ አይደል?" አለኝ። አልሰማሁትም። ማለትም ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ጠርሙስ ማጠብ ጀመርኩ። ንጹህ ጠርሙስ ነበር።

አሥራ ስድስት ሲቀነስ ስድስት ስንት እንደሆነ ማወቅ ሰባት ዓመት አይጠይቅም። ቢሆንም ንግግሩ ሰኞ ነው። ሥዕሉ ታትሟል። ፕሮፌሰሩ ለዚሁ ሲል አዲስ ከረቫት ገዝቷል፤ የሰው ከረቫት ላይ መጨከን ይቻላል?

አባዬ ትናንትም ዛሬም አልተጸዳዳም። "ይውጣልኝ ብዬ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ አየሩ እንኳ እምቢ አለ" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7፣ ጠዋት

ቸኩያለሁ። አባዬ ሲያቃስት አደረ። ከመድኃኒት ቤት የሆድ ማለስለሻ አመጣሁለት፤ ዱቄት፣ በውሃ የሚበጠበጥ። ሁለት ከረጢት በአንዴ አጠጣሁት። "ይሄ ምን ያደርጋል?" አለኝ። "ውሃ ወደ አንጀት ይስብና ያወርደዋል" አልኩት። "ቢዘጋስ?" አለኝ። አውቶቡሱ እያመለጠኝ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 8

አልወረደም።

ሆዱ ተነፍቶ የሸሚዙ ቁልፍ አልዘጋ ብሎታል። ሁለት ጊዜ አስመለሰው፤ ሁለተኛው አረንጓዴ ነው። ሆዱ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀደም ሲል ቱቦ ውስጥ እንዳለ አየር ይንቆረቆር ነበር። አሁን ዝም ብሏል። ዝም ማለቱ ደህና ነው አልኩ፤ ሕመሙ ቀለል አለ ማለት ነው።

እታለም ደወለች። "ተኝቷል" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ተኝቷል።

ደግሞስ አንጀት ከምናስበው በላይ ይችላል። ይህን የሚለው የራሴ መረጃ ነው፤ ሃያ አምስት አይጥ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9፣ ጠዋት

ልብሴን ለብሼ፣ ሥዕሉን ጠቅልዬ፣ አባዬን ደህና ዋል ልለው ገባሁ። ግድግዳው ሥር ተጠግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ነበር። ግንባሩ ያተኩሳል፣ እጁ ይቀዘቅዛል። "ሂጂ፣ ሥራሽ" አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል።

ሥዕሉን በሩ ሥር ጣልኩት። ታክሲ ውስጥ ነው ይህን የምጽፈው፤ እጄ ሌላ ሥራ የለውም። የአባዬ ራስ ጭኔ ላይ ነው። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ነው የሚነዳው። አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ "በዚህ ግፊት መስመሩ ይፈነዳል" አለ። አልሳቅኩም።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ይህን በሥርዓት መጻፍ አለብኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ አየችው። አንጀቱ የተነፋ የብስክሌት ጎማ መስሏል። "ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የድሮው ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ከውስጥ እንደ ገመድ ጠፍሮት ይሆናል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ወስደዋል?"

"ምንም" አልኩ።

ይህን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ነው። ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አባዬ ከተኛበት "ማለስለሻ ጠጥቻለሁ" አለ። "ሁለት ከረጢት። ራሴ ነኝ ገዝቼ የጠጣሁት።"

ሐኪሟ ጮኸችበት። ሰባ ዓመት በሞላው ሰው ላይ፣ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ እየገባለት። "የተዘጋ አንጀት ላይ ውሃ የሚስብ ነገር ይጨመራል እንዴ አባት? ልጅዎ እንኳ አልነገረችዎትም? ምንድን ነው የምትሠራው?"

"አንጀት ነው የምታጠናው" አለ አባዬ፣ ኮራ ብሎ። "ሥራ በዝቶባት ነው።"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ወለሉ ላይ ያለውን የጣውላ መስመር ቆጠርኩ።

በር ዘግተው ወሰዱት። ፕሮፌሰሩ አጭር መልእክት ላከ፦ "አስገራሚ! አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የት ጠፋሽ?"

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 11

አንድ ክንድ የሚያህል አንጀት ቆርጠው አወጡ፤ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሟ ስታስረዳኝ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ግፊቱ ደሙን ከለከለው። ግድግዳው ላላ። ውስጥ ያለው ቆሻሻ ወደ ደም አለፈ። ትኩሳቱ ከዚያ ነው። እኔ ጋ ይህ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ አይጧ ወደ ከረጢት ትጣላለች፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ሻይ ይጠጣል።

"የሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ናቸው የሚወስኑት" አለች። "ምን የሚወስኑት?" አልኳት፤ እንደማያውቅ ሰው።

ፈራሁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እታለም መጥታለች። ስልክ አይደለችም፤ በአካል። እንድትጮህብኝ ስጠብቅ አቅፋኝ አለቀሰች። "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ማን ያመጣው ነበር?" አለችኝ። ይህን ከማለት ብትመታኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

ትኩሳቱ ወረደ። አሁን መላው ክፍል አንድ ነገር ይጠብቃል፤ የአባዬን ፈስ። አንጀቱ መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሐኪሟ በየጠዋቱ "አየር ወጣ?" ትላለች፣ ነርሶቹ ይጠይቃሉ፣ እታለም አልጋው ሥር ተቀምጣ እንደ ዜና ትጠብቃለች። ሰውዬው በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

ከአፍንጫው የሚወርደው ቱቦ መፍሰስ አቁሞ ነበር። አባዬ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ። የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ከረጢት ከአልጋው እኩል ተሰቅሏል ለካ! ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። አረንጓዴው ወዲያው መውረድ ጀመረ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሥራው የሰመረለት ሰው ገጽታ ነበረው።

ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ከሃያ አየር ወጣ። እታለም እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኳት። ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

ወጥቼ በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ ሄድኩ። ማስመሪያውን ከአይጧ ማረፊያ ሳህን ጋር አስተያየሁት። ስድስት። ለማየት አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እንጨቶቹን አውጥቼ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳቸው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ጠዋት ፕሮፌሰሩ ጋ ገባሁ። ከረቫቱ አሁንም አንገቱ ላይ ነው።

"ዜሮው ተሳስቷል" አልኩት። "እንጨቶቹን ሳስገባ አይጧ ከፍ አለች፣ ማስመሪያው ግን እዚያው ቀረ። ያገኘነው አሥር ነው። አንጀት ከምናስበው በላይ አይችልም። ልክ የምናስበውን ያህል ነው የሚችለው።"

ከረቫቱን አላላና "ሌላ ማን ያውቃል?" አለኝ።

"አባቴ።"

"የት ነው የሚያስተምሩት?"

"ቧንቧ ሠራተኛ ነው።"

"ልጄ" መባሌ እዚህ ላይ አበቃ። ለጉባኤው የማስተባበያ ደብዳቤ ራሴ እንድጽፍና ስሜን ከታች እንዳደርግ አዘዘኝ። ሲመሰገን ስሜ የት ነበር ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት፤ በዚህ አንድ ጊዜ ስሜ የሚገባው ቦታ ነው። ጡረታ የወጡት ሰውዬም ጋ ደወልኩ። "አሥር ነው፤ እርስዎ ልክ ነበሩ" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉኝ። "ማን ነሽ?"

ከዚያ ሆስፒታል። ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

"ማለስለሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝም ዋሸሁ።"

ማኅደሩን ከብብቷ አወጣች። "ራሱ ገዝቶ" የሚለውን ሰርዛ "በልጁ የተሰጠ" ብላ ጻፈች። አልጮኸችብኝም። "አባትሽ ምንድን ነው የምታጠኚው ያሉኝ?" ብቻ አለች፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ሄደች።

አባዬ ቱቦው ወጥቶለት፣ ትራስ ተደግፎ፣ ሾርባ በማንኪያ ይጠጣል። ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን አጨማደደ።

"ምን አስቸኮለሽ? እኔ እኮ ስድቡን ጠጥቼ ጨርሼው ነበር።"

"አባዬ፣ ልገድልህ ነበር።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። አይደለም አላለም። ከዚያ እጄን ያዘ፤ መዳፉ አሁንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው።

"እንጨቶቹንስ ምን አደረግሻቸው?" አለኝ።

"አወጣኋቸው። ጣልኳቸው።"

"ለምን?" አለ፤ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ። "ወገብሽስ? እንጨቱ ምን አደረገ? ሜትሩን ነው እንጂ ከፍ የሚያደርጉት!"

የጽዳት ሠራተኛዋ ቅርጫቱን የምትወስደው በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሁን አሥራ አንድ ከሩብ። ጓንቱ ጋ ደውዬ እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። "የትኛው ቅርጫት?" አለኝ። የአይጥ አንጀት የሚጣልበት ነው አልኩት። ግድ የለም አለ፤ ጓንት አድርጌያለሁ።